ሁለተኛ ምርመራ

ሰርክአዲስ የባሏን መኪና ከሰው ለይታ አታያትም ነበር። ባለታክሲው ወልደጊዮርጊስ በ1957 ዓ.ም. ከአንድ ጣሊያን መካኒክ እጅ አሮጌ ሰይቼንቶ ከገዛ ጊዜ ጀምሮ፣ ያቺ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ትንሽ መኪና በእሪ በከንቱው ቤታቸው የምትጠጣ፣ የምታኮርፍና የምትታመም ሦስተኛ ነፍስ ሆና ኖራለች። «ዛሬ እንዴት ዋለች?» ትላለች ሰርክአዲስ። «ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ስትወጣ ውኃዋ ፈላባት፤ አረፍ አድርጌ አጠጣኋት» ይላል ባሏ። ቤቱ ውስጥ ይህ ተራ ወሬ ነበር።

ወልደጊዮርጊስ ከፊርማው አልፎ ፊደል አልቆጠረም። ሰርክአዲስ ግን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። ስለዚህ በየዓመቱ መኪናዋ ተመርምራ ቦሎዋን ለጥፋ ስትመለስ፣ የምርመራውን ወረቀት ጮክ ብላ የምታነብለት እሷ ነበረች። «ፍሬን፦ ደህና። መሪ፦ ትንሽ ክፍተት አለው። የኋላ መብራት፦ አይሠራም።» እሱም እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ውጤት እንደሚሰማ አባት፣ በአንዱ ቃል እየኮራ በሌላው እያፈረ ያዳምጣል። ከዚያ ወረቀቱ ታጥፎ ከሊብሬው ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። እሷ ደግሞ አንዴ ያነበበችውን የማትረሳ ሴት ነበረች።

ከነዚያ ወረቀቶች ሰርክአዲስ የሰይቼንቶን ጠባይ ከብዙ መካኒክ በተሻለ ተረድታለች። ሰይቼንቶ በሞተሯ አትወድቅም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ትንሽና ግልፍተኛ ነው፤ ነገር ግን በማለዳው ብርድ ለምርመራ ከቀረበች ጨዋ ሆና ትቆማለች። የምትወድቀው በእግሯ ነው። አንድ ዓመት ፍሬኗ ይደክማል፣ በሌላው ዓመት መሪዋ ይላላል። ክረምቱ ከበረታም ወለሏ ይዝጋል። ሁለት ዓመት በተከታታይ በአንድ በሽታ ወድቃ ግን አታውቅም። ወልደጊዮርጊስ ይህን ሲሰማ፣ «ጥፋቷን የማትደግም ናት፤ ከሰው ትሻላለች» ይል ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ግን ተመርማሪው እሱ ራሱ ሆነ። ዘወትር ጠዋት ወደ ሥራ የሚያደርሳቸው ደንበኞች ስማቸውንና የቤት ቁጥራቸውን በአንዲት ወረቀት ጽፈው ሰጥተውት ነበርና፣ በፍተሻ ላይ ከመኪናዋ ኪስ ተገኘች። «እነዚህ እነማን ናቸው? ለምን ተጻፉ?» ተባለ። ሦስት ቀን ታስሮ ቆየ። ሲመለስ፣ «ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ለቀቁኝ» ከማለት በቀር አንድም ቃል አልተነፈሰም። ግራ እጁን ግን ከዚያ ወዲህ ከትከሻው በላይ ማንሳት አልቻለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ጀምሮ ለሰርክአዲስ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ሁሉ ቤት ውስጥ የተዳፈነ ፍም ነበር። ዓይኗ ባረፈበት ቁጥር ልቧ ይሠጋል።

በ1971 ኅዳር ወር መኪናዋ ለዓመቱ ምርመራ ቀርባ በፍሬን ወደቀች። ጠግናችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሱ ተባለ። ወልደጊዮርጊስ ከድልድዩ አጠገብ ያለ ጋራዥ አስገባት፤ እንደ ልማዱም፣ መኪና ጋራዥ ስታድር ሰነድ አብሮ አያድርም ብሎ ሊብሬዋን ወደ ቤት መለሰ። የፍሬን ሸራ አዲስ አበባ ውስጥ ቢጠፋበት ሰኞ ዕለት ሊፈልግ ወደ ናዝሬት በአውቶቡስ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት የቀበሌው መልእክተኛ አባይነሽ የግቢውን በር ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች።

«እትዬ ሰርኬ! ጋሼ ወልዴ አሉ?»

«የሉም፤ ነገ ነው የሚመለሱት። ምነው አባይነሽ?»

«ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ለሁለተኛ ምርመራ ይቅረብ ተብሏል። ወረቀቱ ቢሮ ነው፣ ሲመቸኝ አመጣዋለሁ። ብቻ እንዳይቀር! ከቀረ ኋላ ጣጣው ብዙ ነው ብለዋል።» ይህን ብላ ወደሚቀጥለው ቤት ከነፈች።

ሰርክአዲስ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ቃሉን አንድ በአንድ መዘነችው። «ሁለተኛ ምርመራ»፤ የመጀመሪያውን ታውቀዋለች። መኪናዋ እንዳትሆን፣ የመኪናዋ ቀነ ቀጠሮ ገና የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ቀበሌም በመኪና ነገር ገብቶ አያውቅም። ደግሞ መኪናዋ ብትሆን «ትቅረብ» ይባል ነበር። የተባለው ግን «ይቅረብ» ነው። ይህችው አባይነሽ ባሏን በፊቱም በኋላውም አንቱ ብላ ነው የምትጠራው፤ «ይቅረብ» ካለች ትእዛዙን እንደ ወረደ ማድረሷ ነው። ለሚፈለግ ሰው አንቱታ የለም። ተከትላት ሮጣ መጠየቅ ትችል ነበር፤ በዚያ ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው፣ እንደገና ንገሩኝ ብሎ አይጠይቅም።

ባሏን የያዘችው ወረቀት ናት። ስለዚህ ወረቀት የሚባል ቤት ውስጥ አይገኝም አለች። የወንድሟን ልጅ ደብዳቤዎች፣ የዕድር ደብተሩን፣ ከግድግዳው ላይ የቆየውን ቀን መቁጠሪያ ሰበሰበች፤ የብስኩት ቆርቆሮውንም እንዳለ ምድጃው ላይ ገለበጠችው። ማገላበጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ፈታሾች ደግሞ ቀን ቆርጠው ቢናገሩም ቀኑን ይጠብቃሉ ብሎ ማን ያምናል? እሳቱ ተያያዘ። ሊብሬው አብሮ መግባቱን ያወቀችው ጠንካራ ሽፋኑ እንደ ቆዳ ሲኮማተር ነው። እጇን ሰደደች፤ ጣቶቿን ለበለባት እንጂ ያተረፈችው አልነበረም።

ወልደጊዮርጊስ ረቡዕ በስድስት ሰዓት፣ የፍሬን ሸራውን በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ሙሽራ ስጦታ በሁለት እጁ ይዞ ገባ። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ቀዘቀዘ።

«ምን ሆነሻል?»

«ወልዴ፣ ተመለስ። እህትህ ጋ ቡልጋ ሂድ። ነገ በሁለት ሰዓት ለሁለተኛ ምርመራ ይቅረብ ብለዋል።»

ተቀመጠ። ጋዜጣውን ከጎኑ አኖረው። «ማን ነው ያለሽ?» አለ።

«አባይነሽ። ወረቀቱን አመጣለሁ ብላ አልመጣችም።»

«እንግዲያው እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«እባክህ!»

«ሰርኬ፣ ከሸሸሁ ጥፋተኛ እሆናለሁ። ጥፋት የለብኝም።» ኮቱን ቆለፈና ወጣ።

ያንን አንድ ሰዓት ሰርክአዲስ እንዴት እንዳሳለፈችው አታስታውስም። የምታስታውሰው ከበሩ ውጪ የሰማችውን ሳቅ ነው። ወልደጊዮርጊስ ወረቀቱን እያውለበለበ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ገባ።

«አባይነሽ አነበበችልኝ! አንብቢው፣ አንቺም አንብቢው! የተፈለገችው እሷ ናት!»

አነበበችው። የታርጋ ቁጥሯ ተጽፎ፣ «ተሽከርካሪው በተለወጠው ቀን ለሁለተኛ ምርመራ ይቅረብ» ይላል። የምርመራው ግቢ ከዓርብ ጀምሮ ለአንድ ወር ለቆጠራ ስለሚዘጋ፣ ቀኑ ወደ ሐሙስ ተስቧል፤ ለውጡን ለባለታክሲዎች ቀበሌያቸው ያስታውቅ፤ ያልቀረበ ታክሲ ከታክሲነት መዝገብ ይሰረዛል። ወልደጊዮርጊስ ለዚህ የመጨረሻ አንቀጽ አስረጂ አላስፈለገውም። ዕድሜዋ የገፋ ሰይቼንቶ አንዴ ከተሰረዘች ማንም መልሶ እንደማይመዘግባት ፒያሳ የሚሠራ ነጂ ሁሉ ያውቃል።

«እኔን ለእስር አጭተሽኝ!» አለና እንደገና ሳቀ። «በይ ተይው፣ ቀኑ ይበቃናል። አሁኑኑ ጋራዥ ወርጄ ሸራውን አስገጥማለሁ። ሊብሬዋን አውጪልኝ።»

ሰርክአዲስ የተቃጠሉ ጣቶቿን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«አቃጠልኩት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሊብሬውንም፣ የምርመራውንም ወረቀት። ፍተሻ ይመጣል ብዬ።»

ምድጃውን አየ። አመዱ ገና አልተጠረገም ነበር። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። እሱ ግን በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሸራ አንስቶ፣ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ቀስ ብሎ መዝጋቱ ነው አንጀቷን የበላው።

ሐሙስ ማለዳ መኪናዋ በር ላይ ስትቆም፣ ማንም ነይ ሳይላት ሰርክአዲስ ነጠላዋን አጣፍታ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። አላናገራትም፤ ውረጂም አላላትም። በፒያሳ በኩል አልፈው፣ የአትክልት ተራን ወዛደሮችና የጎመን ሸክም በጥንቃቄ ሰንጥቀው፣ ከማዶ ወዳለው የምርመራ ግቢ ደረሱ። ሃያ የሚሆኑ ሰይቼንቶዎች እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ነበር። ነጂዎቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው እየተቀላለዱ ብርዱን ይገፋሉ።

«ማን ነው ዛሬ መስኮቱ ላይ ያለው?»

«ዐቢይ ጾም!»

«አለቅና!»

ዐቢይ ጾም ያሉት ተክላይ የተባለውን ዋና መርማሪ ነው። ስሙን ያወጡለት ቅቤም እንቁላልም አያሳልፍም ሲሉ ነው፤ አስር ኪሎ ቅቤ ይዞ የመጣ ነጂ ቅቤውንም መኪናውንም ይዞ ተመልሷል ይባላል።

«የእኔዋ ምን ትፈራለች?» አለ አንዱ። «ፍሬኗ ልክ ነው። ስረግጠው ቀጥ ትላለች።»

«የት ረግጠህ የት?»

«ፒያሳ ረግጬ ድልድዩ ላይ!»

ሳቁ ጋብ ሲል አንዱ ወደ ወልደጊዮርጊስ ዞረ። «ጋሽ ወልዴ፣ ዛሬ ደግሞ ጠበቃ ይዘው ነው የመጡት?» ሰርክአዲስ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ተራቸው ደረሰ። ተክላይ ረጅምና ከሲታ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ የሰካ ሰው ነበር። ቀና ብሎ ሳያይ እጁን ዘረጋ።

«ሊብሬ።»

«ጌታዬ» አለ ወልደጊዮርጊስ፣ «ቤታችን እሳት ተነስቶ...»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ለቃጠሎው የቀበሌ ማስረጃ?»

«የቀበሌው... እሱማ...» አለ ወልደጊዮርጊስ። መዋሸት የማያውቅ ሰው ሲዋሽ አንገቱ ይቀላል፤ የእሱም ቀላ። ሰርክአዲስ አንድ እርምጃ ወደ መስኮቱ ቀረበች።

«እሳቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች።

ተክላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ለምን?»

ከኋላዋ ሰልፍ አለ። ማን እንደሚሰማት አታውቅም። ይበልጥ የሚያመች ሌላ መልስ መፈለግ ትችል ነበር፤ ግን ባሏ በአንድ ውሸት መሐል ቆሞ ሲንተባተብ ማየቱ ከበቂ በላይ ነበር።

«ለሁለተኛ ምርመራ ይቅረብ ተብሎ በቃል መጣብኝ። እሷን ቢሆን ትቅረብ ይሉ ነበር ብዬ፣ እሱን መስሎኝ ነው። ወረቀት ቤት ውስጥ እንዳይገኝበት ብዬ።»

ነጂዎቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ተክላይ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ በጣቶቹ መካከል አዞረው።

«ተሽከርካሪ በመንግሥት ወረቀት ላይ ወንድ ነው፣ ወይዘሮ» አለ በመጨረሻ።

«እኛ ቤት ሴት ናት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን መግታት አቃተው፤ መልሶም ዋጠው። ተክላይ ግን አልሳቀም፤ ከመደርደሪያው አንድ ትልቅ መዝገብ አወረደ።

«የእሷ ታሪክ እኔ ዘንድ አለ። መዝገቡ ብቻውን ግን አይበቃኝም። ታርጋ ተፈትቶ በሌላ መኪና ላይ ይታሰራል፤ ስንቱን አይቻለሁ። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ባለንብረቱ ከሚያቀርበው ጋር ማመሳከር አለብኝ። ምን ታቀርባላችሁ?»

«እኔ ላቅርብልዎ» አለች ሰርክአዲስ።

«ምን ይዘሻል?»

«በቃሌ ነው የያዝኩት።»

ተክላይ መዝገቡን ገለጠ፤ እርሳሱን በመስመሩ መነሻ ላይ አስቀመጠ። «ቀጥይ።»

የሞተሩን ቁጥር አንድ በአንድ ጠራችው። የሻንሲውንም ጠራችው። ድምፅዋ እንደ ዳዊት ደጋሚ መንገዱን አገኘ። ቁጥሩ ሲያልቅም አላቆመችም።

«ሃምሳ ስምንት፦ ያለ ጉድለት። ሃምሳ ዘጠኝ፦ የግራ ፍሬቻ አይሠራም፤ በማግስቱ ተስተካክሎ አልፏል። ስድሳ፦ ፍሬን ይሳባል። ስድሳ አንድ፦ መሪ ክፍተት አለው፣ የእጅ ፍሬን ደህና። ስድሳ ሁለት፦ መብራት ደካማ ነው፣ ባትሪ ይታይ...» እርሳሱ ከቃሏ ኋላ ኋላ ይከተላል። «ስድሳ አራት፦ የወለል ዝገት፤ በነጂው በኩል እግር ያስወጣል። ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ ተክላይ። «ያስወጣ ነበር።»

«ቆርቆሮ አስበየድንበት» አለ ወልደጊዮርጊስ፣ መኪናዋ የተነካች መስሎት።

«ስድሳ አምስት፦ መሪ። ስድሳ ስድስት፦ ያለ ጉድለት። ስድሳ ሰባት፦ ፍሬን፣ በሁለተኛው አልፏል። ስድሳ ስምንት፦ የኋላ ጎማ አልቋል።» እዚህ ላይ ቆመች።

ተክላይ የሚቀጥለውን መስመር በዓይኑ አነበበው። ሰርክአዲስ ምን እንደሚል ታውቃለች፦ በቀኑ አልቀረበም፤ በአራተኛው ቀን ቀረበ፤ ምክንያቱ አልተገለጸም። መርማሪው ዓይኑን ከመዝገቡ አንስቶ ወደ ወልደጊዮርጊስ፣ ወደማይነሳው ግራ ትከሻውም ተመለከተ።

«በዚያ ሳምንት ነው?» አለ፣ ከመስኮቱ በማያልፍ ድምፅ።

«በዚያ ሳምንት ነው» አለ ወልደጊዮርጊስ።

ተክላይ እርሳሱን ወደ ታች አወረደ። «ሰባ?»

«ሰባ፦ መሪ፣ ትንሽ ክፍተት፤ ያልፋል።»

መዝገቡን ዘጋ። ከክፍሉ ወጥቶ፣ የመኪናዋን የኋላ ኮፈን ከፍቶ፣ የሞተሩን ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ሰርክአዲስ ያለቀ መሰላት። ነገር ግን ርኅራኄ ቁጥር ያመሳክር እንደሆን እንጂ ፍሬን አይይዝም። ተክላይ ራሱ መሪውን ጨብጦ ግቢውን ዞረና፣ በኖራ ወደተሰመረው መስመር በፍጥነት መጥቶ ረገጠ። መኪናዋ ጮኸች፤ ወደ ቀኝ ተስባ የፊት ጎማዋ ኖራውን አልፎ ቆመ።

«ትስባለች» አለ እየወረደ። «በዚህ አላሳልፋትም።»

ወልደጊዮርጊስ ተጠጋው። «ሸራው አዲስ ነው፣ ገና አልተስማማም። የግራው ላልቷል። ሩብ ሰዓት ይስጡኝ፣ እዚሁ አጠብቀዋለሁ።»

ተክላይ ሰዓቱን አየ። «ተራህን ለሌላው ልቀቅ። ሩብ ሰዓት።»

ወልደጊዮርጊስ ክሪኩን አውጥቶ መኪናዋን አነሳት፤ ጆንያ አንጥፎ በጀርባው ገባ። ግራ እጁ ወደላይ አልዘረጋ ሲለው ሰርክአዲስ አየች። ሳትጠራ ጎንበስ ብላ ከጎኑ ተንበረከከች።

«አሥራ ሦስት ቁጥሩን ቁልፍ» አለ ከታች። ከትናንት ወዲህ ያናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። አቀበለችው። «ይሄን ያዢልኝ፤ አጥብቀሽ። ጣትሽ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ተቃጥለሽ ነው።»

«ሊብሬውን ላወጣው ብዬ ነበር።»

«በሌላው እጅሽ ያዢው» አለ ከታች፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በደኅናው።»

ተክላይ ለሁለተኛ ጊዜ መጣና ረገጠ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደየትም ሳታዞር፣ ኖራው ላይ ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ከሰልፉ ነጂዎች አንዱ አጨበጨበ፤ ተክላይ ሲያየው ተወው።

በወረቀቱ ላይ የሚጽፈውን ሰርክአዲስ ከመስኮቱ በግልባጩ አነበበችው። «ፍሬን፦ ደህና። ሊብሬ፦ በስህተት ተቃጥሏል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ምትክ ይቅረብ።» የስህተቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አልጻፈም። ቦሎውን ራሱ ለጠፈውና፣ «የሚቀጥለው!» ብሎ ጮኸ።

ሲመለሱ አትክልት ተራ ላይ ሁለት ነጋዴ ሴቶችና አንድ ሰውዬ፣ ከእግራቸው ሥር አራት ዘንቢል ቲማቲም አስቀምጠው እጃቸውን አወዛወዙ። ወልደጊዮርጊስ ቆመ፤ ዘንቢሉን ቆጠረ፤ ወደ ሚስቱ አየ። እሱ ሳይናገር እሷ በሩን ከፈተች።

«በእግርሽ ትችያለሽ?»

«ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

የምርመራውን ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ በመስኮቱ ዘረጋላት።

«አንተ ዘንድ ቢሆን አይሻልም?» አለች።

«አንቺ ዘንድ ይሁን።»

ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ሰይቼንቶዋ ሦስት ሰውና አራት ዘንቢል ተሸክማ፣ ከኋላዋ ትንሽ ጭስ እየተፋች ዳገቱን ጀመረች። ሰርክአዲስም ነጠላዋን አስተካክላ በስተኋላዋ ወደ ፒያሳ ወጣች።